አማትና አማች በአንድ ቀጠሮ

ቁልፌና አማቱ የተዋወቁት በበር ምክንያት ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ አማቱ ገና አማቱ ሳይሆኑ፣ ቁልፋቸውን ጠረጴዛ ላይ ረስተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ቁልፍ ሠሪ ተጠራላቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ቁልፌ» የሚለው ሰው የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ፤ ተንበረከከ፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አስገባ፤ ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ከፈት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን «እጅህ ይባረክ» ብሎ ይገባ ነበር። እሳቸው ግን በሩን አንዴ፣ ሰውየውን አንዴ እያዩ፣

«ይኼን ሁሉ ዘመን ለጥ ብዬ ስተኛ የኖርኩት በዚህ በር ነው?» አሉ።

በማግሥቱ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠሙ፤ ያውም በሌላ ቁልፍ ሠሪ። ግን ረፍዶ ነበር። ቁልፌ በዚያ አንድ ደቂቃ ውስጥ ከኋላቸው የቆመችውን ልጃቸውን አይቷታል፤ እሷም አይታዋለች። በዓመቱ በዚያው ባለ ሁለት ቁልፍ በር ሙሽራ ሆኖ ገባ። አማቱም እሱ እየሰማ፣ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አሉ።

ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ከኋላቸው «እትዬ ማስመሪያ» ይሏቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ የሚያርሙት ደብተር ሲያጡ ጊዜ አማቻቸውን ማረም ጀመሩ፤ ነገሩ ይኼው ነው። እሱ ሻይ በስኳር ካለ እሳቸው ያለ ስኳር፤ እሱ መስኮት ከከፈተ እሳቸው ብርድ መታኝ። ሚስቱ ከቤተ መጻሕፍት ሥራዋ ስትመለስ መጀመሪያ የምትሰማው የሁለቱን ክርክር ነበር። ቀኑን ሙሉ «ዝም በሉ» የሚል ጽሑፍ ሥር ተቀምጣ ለምትውል ሴት ይኼ ቀላል አይደለም።

የልብ ምት መዛባት የሚባለው ነገር መጀመሪያ የመጣው በአማትየው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤቱ ብቸኛ የልብ ሕመምተኛ እሳቸው ነበሩ፤ ማዕረጉንም በደንብ ይዘውት ነበር። ሬዲዮ የሚቀነሰው ለእሳቸው ልብ፣ ደረጃ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሳቸው ልብ፣ ክርክር የሚቋጨውም «ልቤን!» ሲሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ቁልፌ አንድ የብረት በር ሥር ተንበርክኮ የዛገ ቁልፍ ሲፈታ የገዛ ልቡ ግራ የሚያጋባ ነገር ጀመረው። ሁለቴ መታ፣ አንዴ ዘለለ፣ ከዚያ አሳዳጅ እንዳየ ሌባ እግሬ አውጪኝ አለ። ላብ አጠመቀው። የቤቱ ባለቤት ውኃ አቅርባለት ክሊኒክ ላከችው፤ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ኢሲጂ አነሡት፤ የተንቀጠቀጠ መስመር ያለበት ረጅም ወረቀት ይዞ ቤቱ ገባ።

አማቱ መነጽራቸውን አደረጉ። የራሳቸውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው ከእሱ ጎን ዘረጉት። እያነጻጸሩ ብዙ ቆዩ።

«ኮርጀኸኛል» አሉ በመጨረሻ።

«እትዬ፣ የልብ ምት ደግሞ እንዴት ይኮረጃል?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጆች በምን በምን እንደሚኮርጁ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አይቼም አልጨረስኩት።»

ለሁለቱም መድኃኒት ተሰጠ፤ የሁለቱም ልብ መድኃኒቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በዚህ ጊዜ ሚስቱ አንድ ነገር አደረገች፤ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንዲት የልብ ሐኪም ዘንድ አስቀጠረቻቸው። «ሁለት ጊዜ ፈቃድ አይሰጡኝም» አለች፤ እውነቱ ግን ሁለት ጊዜ መስማት ስላልቻለች ነው።

ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን፣ ጫማዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። ከላስቲክ የተሠራ ልብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እየገለጠች አስረዳቻቸው። ምቱን የሚያዘው መልእክት ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ በእነሱ ልብ ግን የማይመለከታቸው ቦታዎች ተነሥተው እነሱም ያዛሉ፤ ልብ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል።

«ቤታችንን በሉታ» አለች ሚስቱ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው አለች ሐኪሟ። አንደኛው፣ ብሽሽት ላይ ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልብ መሄድና አደናጋሪውን ቦታ በሙቀት መተኮስ ነው፤ የተተኮሰው ቦታ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ደግሞ መልእክት አያሳልፍም። ደረት አይከፈትም፤ በማግሥቱ ቤት መግባት ይቻላል፤ ነገር ግን ለአንዳንዱ ሰው መደገም ይኖርበታል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። እሱ ከባድ ነው፤ ማገገሚያውም ይረዝማል፤ ግን ጠባሳውን ሐኪሙ በዓይኑ እያየ ስለሚሠራው ብዙ ጊዜ በአንዴ ያልቃል።

ወደ ቁልፌ ዞራ፣ «ያንተ ልብ ሌላ ችግር የለበትም። ቀዶ ሕክምናው ቢመረጥ እንኳ በጎድን አጥንት መሐል በትንንሽ ቀዳዳ ነው። ግን እኔን ከጠየቅከኝ ቱቦው ይበቃሃል» አለችው። ቀጥላም ወደ አማቱ፣ «እናቴ፣ በእርስዎ ልብ ላይ ግን ተጨማሪ ነገር አለ። ከልብዎ በሮች አንዱ ገጥሞ አይዘጋም። ደም ወደ ኋላ ይመለሳል።»

የማይገጥም በር! የቁልፌ ዓይኖች በሩ።

«አንዲት ቃል!» አሉ አማቱ፣ ዘወር ብለው እንኳ ሳያዩት።

«ምንም አላልኩም እትዬ።»

«ልትል ነበር።»

ሐኪሟ ቀጠለች። በቱቦው ምቱን ብቻ ማስተካከል ይቻላል፤ በሩ እንዳለ ከቀረ ግን ልቡን እየለጠጠው ምቱ ተመልሶ ይበላሻል። ደረት ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ቢደረግ በሩም ምቱም በአንድ ጊዜ ይሠራል። «የኔ ምክር እሱ ነው። ምርጫው ግን የእርስዎ ነው። ሁለት ሳምንት ያስቡበት። ጥያቄ አለ?»

አማቱ ቀና ብለው ተቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጣም ግልጽ ነው» አሉ።

ወደ ቤት የተመለሱት በታክሲ ነው። አማትየው ከፊት፣ ባልና ሚስት ከኋላ። ሁለት መንገድ ሳይሻገሩ አማቱ ተናገሩ።

«እኔ ቱቦውን መርጫለሁ።»

ቁልፌ ልቡ የወደደው ቱቦውን ነበር። ሊናገርም አፉን ከፍቶ ነበር።

«አንተስ?» አሉ አማቱ። «መቼም ከእኔ እንደማትኮርጅ።»

«እኔማ...» አለ ቁልፌ፤ ቀጥሎ የሰማውን ድምፅ የሌላ ሰው መሰለው። «እኔማ ቀዶ ሕክምናውን ነው።»

ሚስቱ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ጎን አየች። «ሐኪሟ ያለችው እኮ ተቃራኒውን ነው! ይኼ የአውቶቡስ ወንበር ነው የምትሻሙት?»

«እንግዲህ የራሴ ልብ ነው» አሉ አማቱ።

«የኔም የራሴ ነው» አለ ቁልፌ።

ባለታክሲው በመስተዋቱ እያየ ሲያዳምጥ ቆይቶ አላስቻለውም። «ጣልቃ ልግባና፣ የኔ አጎት በቱቦው ነው የተሠሩት፤ አሁን—»

«አንተ ንዳ!» አሉ አማትና አማች እኩል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሚስቱ ራሷን መስኮቱ ላይ ጣል አደረገች። «ሁለታችሁም ልብ አውልቅ ናችሁ» አለች። «የእናንተንስ ሐኪም ያየዋል። የኔን ልብ ማን ይየው?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቁልፌ ሳምንት ሙሉ የያዘውን አልለቀቀም። ውስጥ ውስጡን ግን ይበላው ነበር። አንድ ቀን ሱቁ የመጣ ደንበኛ፣ ቁልፉ ጠፍቶበት፣ «በሩን ብንሰብረውስ?» ሲለው፣ ቁልፌ ተቆጣ። «ምን ነካህ ወንድሜ! በቀዳዳው መግባት እየተቻለ በር ይሰበራል?» አለና የተናገረውን ራሱ ሰምቶ ሽቦውን ከእጁ ጣለው። ያን ዕለት ማታ ለሚስቱ ሊነግራት አሰበ። ከዚያ የአማቱን ፊት፣ «ኮራጅ» የሚለውን ያንን ከንፈር አስታወሰና ዋጠው።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ መሰርሰሪያውን ረስቶ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ተመለሰ። በሩን ከፍቶ ሲገባ አማቱ ሳሎኑ መስተዋት ፊት ቆመዋል። ያንን የታወቀ የእንጨት ማስመሪያ ከአንገታቸው ሥር እስከ ሆዳቸው ድረስ ሸሚዛቸው ላይ አድርገው፣ በጣታቸው ቁጥሩ ላይ ይዘዋል።

ተያዩ።

«ልብስ እየለካሁ ነው» አሉ አማቱ።

«ጥሩ ነው እትዬ። ስንት ሆነ?»

«ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር።» ማስመሪያው ዝቅ አለ። እሳቸውም ወንበር ላይ ዝቅ አሉ። ቁልፌ መሰርሰሪያውን አንሥቶ መውጣት ነበረበት፤ እግሩ ግን እምቢ አለው። አማቱ እንዲህ ትንሽ ሆነው አይቷቸው አያውቅም።

«አጥንቱን በምንድን ነው የሚቆርጡት?» አሉ፣ ማስመሪያውን እያዩ።

«ሐኪሟን አልጠየቋትም?»

«ግልጽ ነው አልኳት እኮ።»

«ግልጽ አልነበረም?»

«አንድም ነገር አልገባኝም።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ላስቲኩን ስትገልጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ዘጋ። ልብ ይቆማል አለች መሰለኝ። ልቤ ቆሞ እኔ የት ነው የምሆነው? ይኼ ይጠየቃል? በዚህ ዕድሜ? ለስንት ልጅ ‹መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ› ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ!»

ቁልፌ አሰበ። «እሺ እኔ ልጠይቅልዎት» ቢል ማስመሪያው ጭንቅላቱ ላይ እንደሚሰበር ያውቃል። በቀጥታ የማይከፈት ነገር እንዳለ ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እትዬ» አለ፣ አንገቱን እያሻሸ፣ «እኔ ቀዶ ሕክምና መርጬ የለም? ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። እና... ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። ለእሷ እንዳይነግሩብኝ። አብረውኝ ቢመጡ?»

አማቱ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ቀለማቸው ተመለሰ።

«ፈሪ» አሉ ደስ ብሏቸው። «ስንት ሰዓት ነው?»

ቀዶ ሐኪሙ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ እጆቹን እንደ ብርጭቆ ዕቃ ተጠንቅቆ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ቁልፌ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ዶክተር፣ አጥንቱ በምንድን ነው የሚቆረጠው?»

ሐኪሙ ከልብ ሐኪሟ ከተላኩለት የሁለቱ ፋይሎች የእሱን አየ። «የአንተ እኮ አጥንት አይቆረጥም። በጎን በኩል ነው የምንገባው።»

«ቢሆንም» አለ ቁልፌ። «ለጠቅላላ ዕውቀት።»

«ይታገሡት ዶክተር» አሉ አማቱ እያቃሰቱ። «ልጁ ቀስ እያለ ነው የሚገባው።» ቦርሳቸውን ከፍተው ደብተርና እስክሪብቶ አወጡ።

ሐኪሙ ደብተሩን አየ፤ ሴትየዋን አየ፤ ቁልፌን አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ ድምፁን ከፍና ቀስ አድርጎ መመለስ ጀመረ።

«በትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ። ደቂቃ አይፈጅም።»

«በኋላስ በምን ይያያዛል?»

«በብረት ሽቦ። ስድስት ሰባት ቦታ እናስረዋለን። አጥንቱ በሁለት ሦስት ወር ይገጥማል፤ ሽቦው እዚያው ይቀራል።»

«ምን ዓይነት ሽቦ?» ይኼኛው የራሱ ጥያቄ ነበር።

«የማይዝግ።»

«ውፍረቱ ስንት ሚሊ—»

«ወደ ቁም ነገሩ ተመለስ!» አሉ አማቱ እየጻፉ።

ቁልፌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልብ ይቆማል ይባላል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው። እስክንጨርስ ድረስ ደሙን ማሽን ያዘዋውረዋል።»

«እና በዚያ ሰዓት፣ ልቡ ቆሞ፣ ሰውየው የት ነው ያለው?»

እስክሪብቶው ቆመ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት የሚያውቅ አይመስልም።

«ተኝቷል» አለ በመጨረሻ። «ምንም አይሰማውም፣ ምንም አያልምም። በዚያ ክፍል ስምንት ሰዎች አለን፤ የስምንታችንም ሥራ እሱን መጠበቅ ነው።»

አማቱ አልጻፉም። ደብተሩን ከደኑና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ጠየቁ።

«ከመቶ ስንቱ ደህና ይወጣል?»

«በእርስዎ ዕድሜና ጤንነት ከሆነ ዘጠና ስምንቱ።»

«ሁለቱስ?»

ቁልፌ ወንበሩን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረገ።

«ሁለቱ አይወጡም እናቴ» አለ ሐኪሙ። «ይኼን አልደብቅዎትም። ግን በሩ እንዳለ ቢቀር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልብዎ ይደክማል። ያኔ ቁጥሩ እንደዚህ ጥሩ አይሆንም።»

አማቱ ደብተሩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «መልስህ ጥሩ ነው» አሉት። «ዙሪያ ጥምጥም አልሄድክም።»

ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ተራመዱና ቆሙ።

«አንተ» አሉ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእጅ መታጠቢያ መመሪያ የሚያነቡ መስለው፣ «ቀዶ ሕክምናውን እኔ ልወስደው አስቤ ነበር። ያዝኩት ካላልክ።»

«እለቅልዎታለሁ እትዬ።»

«እንግዲያው አንተ ቱቦውን ውሰድ። ለእሱም ቢሆን ልብ ይጠይቃል።»

«እሺ።»

«ከእኔ አይደለም የኮረጅከው። እኔ ነኝ የሰጠሁህ። ይኼ ይለያል።»

ሚስቱ ማታ ዜናውን ስትሰማ አልጮኸችም፣ አልሳቀችም፤ ሄዳ ተኛች። አሥር ሰዓት ሙሉ አልነቃችም።

የቁልፌ ተራ መጀመሪያ መጣ። በከፊል አደንዝዘው፣ ብሽሽቱን ወግተው፣ ቱቦውን አስገቡ። እንቅልፍና ንቃት መሐል ሆኖ፣ ሐኪሟ በማታየው ቀዳዳ ገብታ፣ በጣቷ ጫፍ ብቻ እየዳሰሰች ስትሠራ ይሰማው ነበር፤ «ቀስ፣ ቀስ፣ አታስገድጅው» ስላት አስታውሳለሁ ይላል፤ እሷ ግን ያለው ነገር «ሻይ አለ?» ብቻ ነው ትላለች። በሁለት ሰዓት ተኩል አለቀ። በማግሥቱ እያነከሰ ቤት ገባ።

«ይኼው ነው?» አሉ አማቱ፣ ብሽሽቱ ላይ ካለችው ትንሽ ፕላስተር ሌላ የሚያዩት ነገር ሲያጡ።

በሦስተኛው ሳምንት የእሳቸው ቀን ሆነ። በተንቀሳቃሽ አልጋ ሲወሰዱ የልጃቸውን እጅ ይዘው ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ለቀቁትና የአማቻቸውን ክንድ ቆንጠጥ አደረጉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልተናገሩም፤ እሱም አልጠየቀም።

ከዚያ አምስት ሰዓት። ሚስቱ አንድ መጽሐፍ ይዛ አንዱን ገጽ አምስት ሰዓት አነበበችው። ቁልፌ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ተቀመጠ። የማቆያው ክፍል በር መያዣው ላልቶ ነበር፤ ከኪሱ ትንሽ መፍቻ አውጥቶ አጠበቀው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ይንጫረር ነበር፤ ማጠፊያውን አስተካከለ። ጥበቃው መጥቶ «ምን እያደረግህ ነው?» አለው። ነርሷ ከኋላ ደርሳ፣ «ተወው፤ እዚያ ጥግ ያለውን ቁም ሣጥን አይቶልን እንደሆነ» አለች። ቀዶ ሐኪሙ ኮፍያውን እያወለቀ ሲወጣ፣ ቁልፌ አራተኛውን በር ይዞ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ነበር።

«በሩ ገጥሟል» አለ ሐኪሙ። «ልባቸውም በራሱ ተነሥቶ መምታት ጀምሯል። ደህና ናቸው።»

ቁልፌ መፍቻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ እዚያው ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ነርሷ መጥታ «መተላለፊያ ነው» እስክትላቸው ድረስ ሁለቱም አልተነሡም።

አማቱ በማግሥቱ ሲነቁ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ስለነበር መናገር አልቻሉም። በጣታቸው አየር ላይ ጻፉ፤ ወረቀት ቀረበላቸው። ቁልፌ ላይ ዓይናቸውን አሳርፈው በተንጋደደ እጅ «ስንት ሰዓት?» ብለው ጻፉ።

«አምስት ሰዓት ፈጀ እትዬ።»

«ያንተ?»

«ሁለት ተኩል።»

በእስክሪብቶው አምስት ቁጥርን ጻፉ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበትና ዓይናቸውን ከደኑ። ሚስቱ፣ «እናቴ ተመልሳለች» አለች እያለቀሰች፣ እየሳቀች።

ማገገሙ ቀላል አልነበረም። ስድስት ሳምንት ማንቆርቆሪያ እንኳ እንዳያነሡ ተከለከሉ፤ ሲያስሉ ትራስ ደረታቸው ላይ ያቅፋሉ። ሌሊት ሌሊት ያማቸው ነበር፤ ግን አላማረሩም፤ ያማረሩት በሾርባው ብቻ ነው። ምታቸው ግን ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። በአሥረኛው ሳምንት የተበላሸው የቁልፌ ነው። ሱቅ ቆሞ ሳለ ያ የድሮው ዝላይ ተመለሰ። ሐኪሟ እንዳለችው ቱቦው ሊደገም ግድ ሆነ።

«ድጋሚ ፈተና» አሉ አማቱ። ሊደብቁት ቢሞክሩም ደስታቸው ፊታቸው ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን ግን ገና በደንብ ሳያገግሙ ታክሲ ይዘው መጡ፤ ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረችና እስኪያልቅ ድረስ በር ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ፎርም የሚሞላው ልጅ «ለታካሚው ምኑ ነዎት?» ሲላቸው፣ ጥቂት አስበው፣ «አማቱ ነኝ። ጻፈው፤ ስሕተት አይደለም» አሉት።

ሁለተኛው ያዘለት። አሁን የሁለቱም ኢሲጂ ደህና ነው፤ ሐኪሟ የሚወስዱትን ደም ማቅጠኛ መድኃኒት እኔ ሳልል እንዳታቋርጡ፣ በየቀኑም በእግር ሂዱ ብላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ማዶ ያለውን ሜዳ ይዞራሉ፤ እሳቸው ከፊት፣ እሱ ሁለት እርምጃ ከኋላ፤ መቅደም አይፈቀድም። ሚስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ትናንት ፌርማታው ትይዩ ሲደርሱ ቆመው ይከራከሩ ነበር፤ እሱ አራት ዙር ሆኗል ይላል፣ እሳቸው ሦስት ነው ይላሉ። አውቶቡሱ መጣ። ሁለቱ ክርክሩን ሳይጨርሱ እንደገና መዞር ጀመሩ፤ እሷም ገብታ ወንበር ያዘች።